ከስግደት በኋላ የመጣው እንቅልፍ

የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ ሽሮ ሜዳ ሌላ መልክ ይይዛል። የሐበሻ ቀሚስ የሚያማርጠው፣ ለልጁ እጀ ጠባብ የሚያስለካው፣ ነጠላ የሚያስቋጨው ሰው ብዛት መንገዱን ያጣብበዋል። የስፌት መኪናዎች ድምፅም ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት አይቋረጥም። እኛም በሰሙነ ሕማማት ዋዜማ ወደ ሥፍራው ያቀናነው ለበዓል ልብስ ሳይሆን፣ ከእነዚህ መኪናዎች በአንደኛው ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩ አንድ አባወራንና ባለቤታቸውን ለማነጋገር ነበር።

ሰውየው ገና አርባ ዓመት አልሞላቸውም። ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመን ስንመለከታቸው አንድ ነገር ልብ አልን። ግማሽ ሰዓት ያህል ሰፍተው ድንገት ይነሣሉ፤ እስከ በሩ ይሄዳሉ፤ መቃኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ደረታቸውን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ ወገባቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ ከዚያም ተመልሰው ይቀመጣሉ። የማያውቃቸው ደንበኛ ሰው የሚጠብቁ ይመስለዋል። ለእኛም መጀመሪያ የመሰለን እንዲሁ ነበር። ኋላ ግን ያቺ የግማሽ ሰዓት ልማድ የተገኘችው ከስድስት ዓመት ስቃይና ሊፈርስ ጥቂት ከቀረው ትዳር መሆኑን ተረዳን።

ባልና ሚስቱ ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለ ጠየቁን «ባለቤትየው» እና «ወይዘሮዋ» እያልን እንቀጥላለን። ወይዘሮዋ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ደብዳቤ ገቢና ወጪ ሲሆን ቀኑንና ቁጥሩን መመዝገብ፣ የጠፋውን ፋይል ከመደርደሪያ ፈልጎ ማውጣት የዘወትር ሥራቸው ነው። ይህ የሥራ ጠባያቸው ለባላቸው ምን እንደጠቀመ በቦታው እንመለስበታለን።

ነገሩ የጀመረው በ2009 ዓ.ም.፣ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው። ባለቤትየው ያን ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ። ሕመሙ ከወገባቸው በታች፣ ከመቀመጫቸው ጥልቅ ሥፍራ ይነሣል፤ አንድ ሰሞን በግራ በኩል ይሰነብትና ሌላ ሰሞን ወደ ቀኝ ይዞራል። የሥራ ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው። «ወገቡን የማያመው ልብስ ሰፊ የት አለና!» አሏቸው። እርሳቸውም አመኑ። ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ወገቤን ቢል ማን ይደነቃል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ለብዙው አንባቢያችን እንግዳ ስለማይሆን ባጭሩ እናልፈዋለን። በመጀመሪያው ክሊኒክ ኩላሊት ነው ተባለ፤ ውኃ በብዛት እንዲጠጡ ታዘዘ። በሁለተኛው ብርድ ነው ተባለ፤ ወገባቸውን በጋቢ ጠምጥመው ከረሙ። ዋግምት ተደረገላቸው። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሻቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ ከደጃፍ የወጡት በሰው ትከሻ ተደግፈው ነበር። ራጅ ተነሡ፤ «አጥንትህ ንጹሕ ነው» ተባሉ። ሌላ ሐኪም ዲስክ ሳይሆን አይቀርም በማለት ጠንካራ ፍራሽ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲተኙ አዘዟቸው። «ከሁሉም የከፋው ያ ሦስት ሳምንት ነው» ይላሉ ባለቤትየው። «በተኛሁ ቁጥር ባሰብኝ። ብነሣ ደግሞ ሚስቴ ‹ሐኪሙ ተኛ ብሎህ!› ትለኛለች። መዳን የማይፈልግ ሰው መሰልኩ።»

የባለቤትየው እናት በበኩላቸው ከገጠር መጥተው ልጃቸውን እንጦጦ ወደሚገኝ ጠበል ወሰዷቸው። ሰባት ቀን ሱባኤ ያዙ። በየማለዳው ዳገቱን በእግር ወጥተው፣ ተጠምቀው፣ በእግር ይወርዱ ነበር። በዚያ ሳምንት ተሻላቸው። ወደ መኪናቸው ከተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ተመለሰ፤ አንዳንዱም «እምነቱ ቢጎድል ነው» ብሎ አማቸው። ጠበሉ ነው ወይስ መንገዱ የሚለውን የምንዳኝ እኛ አይደለንም፤ ሁለቱም ከአንድ እጅ የተሰጡ ናቸው የሚሉም አሉ። ነገር ግን ያ ሳምንት የሚናገረውን የሰማ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከባዱ ስያሜ መጣ። ከአከርካሪ አጥንታቸው አንዱ ጥግ ላይ የታየ ምልክት የአከርካሪ ነቀርሳ ነው ተብሎ ተተረጎመና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀመሩ። በአገራችን ነቀርሳ የተለመደ በሽታ በመሆኑ ሐኪም እርሱን ቀድሞ ቢያስብ አያስደንቅም፤ አከርካሪ ላይ ያለ ነቀርሳ ሳይታከም ከቀረ ሰውን ሽባ ስለሚያደርግም ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ስያሜው ቤት ድረስ ይዞት የመጣው ጣጣ ከመድኃኒቱ የከበደ ሆነ። በማኅበር ዕለት ለባለቤትየው ጽዋው ለብቻ ቀረበ። ልጃቸውን ይዛ የምትውለው የጎረቤት ልጅ መምጣት ተወች። ሁለት ነባር ደንበኞች ጨርቃቸውን መልሰው ወሰዱ። ብቻውን አጥንት ላይ ያለ ነቀርሳ እንደ ሳንባው በትንፋሽ የሚተላለፍ አለመሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ወይዘሮዋ በዚያን ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ባለበት ሁሉ ከባላቸው ስኒ ቡና ይጠጡ ጀመር። «ዝም ብዬ አነሣና ፉት እላለሁ። ሰው ያያል» ይላሉ። መድኃኒቱ እስኪያልቅ ወራት ተቆጠሩ። ሕመሙ ግን እንደነበረ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነውን ያነበበ ሰው ወይዘሮዋን እንከን የሌለባቸው አጽናኝ አድርጎ ሊስላቸው ይችላል። እርሳቸው ግን እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ አልፈቀዱልንም። «እንደሱ ከሆነማ ባትጽፉት ይሻላል» አሉን።

መድኃኒቱ አልቆ ምንም ለውጥ ሳይመጣ ሲቀር ሌላ ራጅ ተነሡ፤ አሁንም «የሚታይ ነገር የለም» ተባለ። ቤት ኪራይ ሁለት ወር አልፎ ነበር። ባለቤትየው ማለዳ ከአልጋ ለመነሣት እየተቸገሩ ሱቅ የሚከፍቱት አርፍደው ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ደኅና ሆነው፣ ከሰው ጋር ሲሥቁ ይታያሉ። ወይዘሮዋ ከሥራ ሲመለሱ የሚያገኟቸው ያንን የከሰዓት በኋላውን ሰው ነው። አንድ ማታ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ሐኪሙ የለብህም ካለ እኔ ማንን ልመን? ሥራ ሲሆን ትታመማለህ፤ ጨዋታ ሲሆን ትድናለህ» አሏቸው። ባለቤትየው መልስ አልሰጡም። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሕመማቸውን መናገር አቆሙ። ጥቂት ቀን ቆይተውም «ሌሊት ስገላበጥ እረብሽሻለሁ» ብለው ፍራሻቸውን ሳሎን አነጠፉ።

ወይዘሮዋ ይህን ሲተርኩልን ድምፃቸው ዝቅ አለ። ባላቸው ከጎናቸው ተቀምጠው ክር እያጠነጠኑ ነበር፤ ቀና አላሉም።

ያ ፍራሽ ሳሎን መነጠፉ ትዳሩን ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም ጎድቶታል እንላለን። ይህ ሕመም ራሱን የሚገልጠው ሌሊት ነበርና። ባለቤትየው በየሌሊቱ ከዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ጀምሮ እየባነኑ፣ በጨለማ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለሱ ያድሩ እንደነበር ወይዘሮዋ ለአንድ ዓመት ያህል አላወቁም። ባል ሚስቱን ላለማስጨነቅ ይደብቃል፤ ሚስትም ባሏ ተኝቶ ያደረ ይመስላታል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡም «የት ነው የሚያምህ?» ይባላሉ፤ «ወገቤን» ይላሉ። በስንት ሰዓት? ምን ስትሠራ? ምን ሲሆን ይተውሃል? የሚለው ጥያቄ ወረፋ በበዛበት የምርመራ ክፍል ጊዜ አላገኘም። ባለቤትየውም ሳይጠየቁ አይናገሩም።

የ2015 ዓ.ም. ስቅለት መጣ። ባለቤትየው በዚያ ዓመት መስገድ አልነበረባቸውም። የንስሐ አባታቸው «ልጄ፣ አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ ቆመህ ብትጸልይ ይበቃሃል» ብለዋቸዋል። ወይዘሮዋም ለምነዋቸው ነበር። እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። ምክንያታቸውን ስንጠይቃቸው ፈገግ አሉና፣ «በቤቴ ሰነፍ ተብያለሁ፤ በቤተ ክርስቲያንም እንዳልባል ነዋ!» አሉን። ይህን የሚሉት ዛሬ ነው። በዚያ ዕለት ግን ቀልድ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሃያና ሠላሳ ስግደቶች ላብ አጠመቋቸው። ከዚያ በኋላ ሰውነታቸው እየሞቀ፣ ወገባቸው እየተፈታ ሄደ። ከቀትር በኋላ ከጎናቸው ካሉት ጎረምሶች ሳያንሱ ይሰግዱ ጀመር። ሲመሽ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ጠብጠብ አድርገው የሚሰግዱትን ቁጥር ሲሰጧቸው፣ ያንንም ፈጽመው ወደ ቤታቸው በእግራቸው ገቡ።

ወይዘሮዋ ነገ አይነሣም ብለው ውኃ አሙቀው፣ ቅባት አዘጋጅተው ጠበቋቸው። ሰውየው ግን ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሌሊት ወይዘሮዋ ባነኑ። ሳሎን ኮሽ የሚል ነገር የለም። «ልቤ ደነገጠ» ይላሉ፤ «ተነሥቼ ሄድኩ። በአፍንጫው አጠገብ እጄን አስጠግቼ ትንፋሹን አዳመጥኩ።» ባለቤትየው እስኪነጋ አልተንቀሳቀሱም። ቅዳሜ ማለዳ ያለማንም እርዳታ ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ራሳቸው አሠሩ። ወይዘሮዋ ያንን ሲያዩ እጃቸው ላይ የነበረውን ሰሐን አስቀመጡት።

እሑድ ፋሲካ ሆነ። ቤተሰቡ ገደፈ። ዘመድ መጣ፤ ዶሮው ተበላ፤ ጠላው ተጠጣ፤ ባለቤትየውም ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ጋደም ብለው፣ በደንብ ዐርፈው ዋሉ። ሰኞ ማለዳ ከፍራሹ መነሣት አቃታቸው። ወይዘሮዋ በሁለት እጃቸው ስበው አነሷቸው። ያን ጊዜ ነው ለስድስት ዓመት ያልተጠየቀው ጥያቄ በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ የተጠየቀው፤ «ቀኑን ሙሉ ሰግዶ የተሻለው፣ ቀኑን ሙሉ ዐርፎ የባሰበት፤ ይህ ምን ዓይነት የወገብ ሕመም ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆንብናል። ይህ ታሪክ ወገቡን የሚያመው ሁሉ ይስገድ ማለት አይደለም። ዲስኩ የተንሸራተተ፣ አጥንቱ የተሰበረ ወይም አከርካሪው በነቀርሳ የተጠቃ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ብርቱ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን ከስግደት ታሳርፋለች። የባለቤትየው ድፍረት ለምልክትነት እንጂ ለአርአያነት አይጠቀስም።

ከማግሥቱ ጀምሮ ወይዘሮዋ ለቤት ወጪ መመዝገቢያ ከያዙት ደብተር ጀርባ አዲስ መዝገብ ከፈቱ። ፍራሹም ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ተመለሰ፤ እንዲመለስ ያዘዙት እርሳቸው ናቸው። ደብተሩን አሳይተውናል። ጽሑፉ እንደ ገቢና ወጪ ደብዳቤ ደረቅ ነው፤ «ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሣ። ቆሞ ዞረ። 10 ሰዓት ተኩል ተኛ። ጫማውን ማሰር የቻለው 2 ሰዓት ላይ።» «ረቡዕ፣ የሕመም ማስታገሻ ከራት በኋላ ወሰደ። ሌሊት አልተነሣም።» «ዓርብ፣ ወደ መርካቶ በእግሩ ሄደ። ዋለ፤ ደኅና።» በዚህ ዓይነት ሰባት ሳምንት ተመዘገበ። በደብተሩ ውስጥ አንድም የምሬት ቃል የለም። አንድ ቀን ብቻ ከኅዳጉ ላይ በትንሹ «ውሸት አልነበረም» የሚል ተጽፎ አይተናል።

በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ ባልና ሚስቱ በሪፈር ወረቀት ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሄዱ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ወጣቱ ሐኪም እንደተለመደው የት እንደሚያማቸው ጠየቁ። ወይዘሮዋ መልሱን ሳይጠብቁ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሐኪሙ ሁለት ገጽ አነበቡና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከዚያም ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ጠየቁ፤ «ዓይንዎ ቀልቶ ያውቃል? ብርሃን ሲያዩ የሚያም ዓይነት?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። በ2011 ዓ.ም. አንድ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጊዜ ባለቤትየው አንድ ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ፀሐይ ማየት አቅቷቸው፣ መጋረጃ ዘግተው ሰንብተው ነበር። በጠብታ አለፈ። ዓይን ከወገብ ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ያነሣው አልነበረም።

ሐኪሙ ባለቤትየውን አስቁመው ሜትር አወጡ። ሰው ሲለካ ለኖረ ልብስ ሰፊ መለካት አዲስ ነገር ነበር። ከወገባቸው ታችኛ ክፍል፣ ከሁለቱ ስርጉዶች መሐል አንድ ነጥብ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሌላ ነጥብ አኖሩና ጉልበታቸውን ሳያጥፉ እንዲያጎነብሱ አዘዙ። ጤነኛ ወገብ ሲያጎነብስ ይለጠጥና በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የእርሳቸው 12 ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት በራጅ ያልታየው በአንድ ክንድ የሜትር ገመድ ተገመተ። በኋላ የተነሡት ኤም.አር.አይ. የዳሌ አጥንት ከአከርካሪ ጋር የሚጋጠምበት ሥፍራ በሁለቱም በኩል መቆጣቱን አረጋገጠ።

የበሽታው ስም አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ኃይል በስሕተት የገዛ መጋጠሚያዎቹን፣ በተለይም የዳሌንና የአከርካሪን መጋጠሚያዎች የሚያስቆጣበት ሕመም ነው። ሳይታከም በቆየ መጠን የተቆጣው ሥፍራ አጥንት እያበቀለ፣ የአከርካሪው አንጓዎች እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ ይሄዳሉ፤ ሰውም ቀስ በቀስ ጎባጣ ሆኖ ይቀራል። በሽታው አዲስ ግኝት አይደለም። ሩሲያዊው ቭላዲሚር ቤክቴሬቭ በ1893፣ ጀርመናዊው አዶልፍ ሽትሩምፔል በ1897፣ ፈረንሳዊው ፒየር ማሪ በ1898 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። ኤች.ኤል.ኤ. ቢ 27 ከሚባለው የዘር ምልክት ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁንና ምልክቱን ተሸክመው በሽታው ፈጽሞ የማይነካቸው እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ምልክቱ ብርቅ ስለሆነ አለመገኘቱ በሽታው የለም አያሰኝም።

ታዲያ ስለ ምን ይስታል? ያነጋገርናቸው ሐኪም እንዳስረዱን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራጅ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ አጥንቱ ላይ የሚታይ ለውጥ ለመምጣት ዓመታት ይወስዳልና። በሕክምናው በበለጸጉ አገሮች ሳይቀር ከሕመሙ መጀመር እስከ ስሙ መታወቅ በአማካይ ከአምስት ዓመት በላይ እንደሚያልፍ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ሴቶች ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል፤ የወንድ በሽታ ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ገና አልጠፋምና። ስለዚህ ሐኪሙ የሚመራው በአብዛኛው በታሪኩ ነው። ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ቀስ ብሎ የጀመረ፣ ከሦስት ወር ያለፈ፣ በዕረፍት የሚብስ፣ በእንቅስቃሴ የሚቀል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ የሚቀሰቅስ፣ ማለዳ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚያደርቅ የወገብ ሕመም ከተራው የወገብ ሕመም ይለያል። ዓይንን የሚያቀላው መቆጣት ከአራት ሕሙማን አንዱን ያህል በአንድ ወቅት ያገኘዋል፤ በቶሎ ካልታከመም ለዓይን አደገኛ ነው። ወጌሻው ያደረሰውንም ጉዳት ሐኪሙ አልዘለሉትም። የተጣበቀ አከርካሪ እንደ ደረቅ እንጨት በቀላሉ ስለሚሰበር፣ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ መጠምዘዝና መጎተት ከባድ ስሕተት ነው።

ስሙ በተነገራቸው ጊዜ ባለቤትየው አለቀሱ። «የማይድን በሽታ ነው ተብሎ ተነግሮኝ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» ይላሉ። ወይዘሮዋ ደግሞ ደስ ሊላቸው አልቻለም። የዚያች ማታ ቃላቸው መጣባቸው። ከሆስፒታሉ እስከ ቤት ድረስ ታክሲ ውስጥ አልተነጋገሩም። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅንም።

ሕክምናው ሁለት እግር አለው። አንደኛው መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት ሲሆን፣ ሁለተኛው በየቀኑ የማይቋረጥ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ መቆጣትን ከምንጩ የሚገቱ አዳዲስ መርፌዎች መጥተዋል፤ ዋጋቸው ለብዙው ሰው የሚቀመስ አይደለም። የተኛ ነቀርሳን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉም አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ባለቤትየው በመጀመሪያው መድኃኒት ስለተሻላቸው ወደዚያ አልደረሱም።

ከዚህ ቤት ጾም ጋር የተጋጨው ግን ያው የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፤ ሊያደማም ይችላል። ባለቤትየው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሳይናገሩ ክኒኑን በባዶ ሆድ እየዋጡ ጾሙ፤ ሆዳቸውንም አቃጠላቸው። ወይዘሮዋ ይህን ሲደርሱበት ራሳቸው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ነገሩን አስረዱ። አባም ባለቤትየውን አስጠርተው፣ ማለዳ የጾም ምግብ በልተው መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ አዘዟቸው። «ሕመሙን ከመቻል ያንን ቁርስ መብላት ከበደኝ» ይላሉ ባለቤትየው። ወይዘሮዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ነገር ግን በየማለዳው አጥሚቱን ቀድተው፣ ባላቸው ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ ከፊታቸው ይቀመጣሉ። ወደ ሥራ የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። በሥራ ቦታቸው እንደሚያረፍዱ የሚታወቁ ብቸኛዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆናቸውን ሲነግሩን ሳቁ።

አማታቸው ዛሬም ልጃቸው የዳነው በጠበሉ ነው ይላሉ። ወይዘሮዋ አይከራከሩም። «እሳቸው ሰባት ቀን ዳገት ሲወጡ አብረውት ነበሩ፤ እኔ ያን ጊዜ ቢሮ ነበርኩ» የሚል ነው መልሳቸው። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለት ግን አይደለም። ሕመሙ አንዳንድ ሰሞን ያገረሻል። እንዲህ ሲሆን ባለቤትየው አሁንም የመደበቅ ጠባያቸው ይመለሳል፤ ወይዘሮዋም የመቆጣት ጠባያቸው። ባለፈው ክረምት ባለቤትየው ለሁለት ሳምንት ሌሊት እየተነሡ ዝም ብለው ሲገኙ፣ ወይዘሮዋ ደብተሩን ወርውረውባቸዋል። «ወረወርኩበት፤ አነሣው፤ ራሱ ጻፈበት» አሉን።

ልንሰናበታቸው ስንነሣ ባለቤትየው መኪናቸውን አቁመው ከመሳቢያው ቢጫ የሜትር ገመድ አወጡ። ለሥራ የሚገለገሉበት ያው ገመድ ነው። በየወሩ መጨረሻ ወይዘሮዋ በኖራ ሁለት ነጥብ ወገባቸው ላይ ያኖራሉ፤ እርሳቸው ያጎነብሳሉ፤ ቁጥሩ በደብተሩ ይገባል። የመጨረሻው ምዝገባ 13 ከግማሽ ይላል። የዚህ ወር ልክ የዘገየው በበዓሉ ጥድፊያ ምክንያት ነበርና፣ ወይዘሮዋ እኛ እያለን ሊለኩ ገመዱን ተቀበሉ። ባለቤትየው ግን ደጃፍ ላይ የቆመች ደንበኛ አይተው «ቆይ፣ የእሷን ቀሚስ ልጨርስ፤ ለፋሲካ ነው» አሏቸው። ወይዘሮዋ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ከተቀመጥክ ግማሽ ሰዓት አልፎሃል» አሉ። ሰውየው ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ።